ሲፓፕ ለጀመራችሁ፦ ማስኩን መጀመሪያ በቀን አድርጉት

እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ለሚቋረጥ ሰው (ሕመሙን ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል) ሐኪም ሲፓፕ፣ ማለትም በማስክ በኩል አየር እየገፋ የሚልክ ማሽን፣ ያዛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእናንተ ዕዳ ነው። ደሴ ውስጥ «እኔም እኮ እጠቀማለሁ» የሚል ጎረቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው ማሽኑ የሚደርሰው ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ ነው። የእኔንም የላከልኝ ወንድሜ ነው። መመሪያው እንግሊዝኛ ነው፣ አጠገብ ሆኖ የሚያስለምድ ሰው የለም። የመጀመሪያው ሌሊት ይመጣል፣ ማስኩ ያፍናል፣ ሰውየው መንጭቆ ያወልቀዋል። በሳምንቱ ማሽኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቷል። እንዲህ የሆኑ ሰዎች አውቃለሁ፣ በጣም ያሳዝነኛል። ምክንያቱም አብዛኛው ችግር መፍትሔ አለው፣ መፍትሔውም የሚሠራው ሌሊት በድንጋጤ ሳይሆን ቀን በእርጋታ ነው።

እኔ ደሴ፣ ሸዋበር አካባቢ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ሕመሙ የወፍራም ወንዶች ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ሴቶችንም ይይዛል፣ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ይበዛል። የእኔ ምልክት ማንኮራፋት ብቻ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል፣ ሌሊት ለሽንት እመላለሳለሁ፣ ቀን የስፌት መኪናዬ ላይ እንዳጎነበስኩ ያንጎላጀኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ትንፋሽሽ ጥፍት ይላል፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ትባንኛለሽ» ይለኝ ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ ስመረመር ከባድ ከሚባለው ወገን ሆንኩ።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። እንቅልፍ ሲወስደን የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። አንዳንዶቻችን ላይ የአየሩ መንገድ ይጠባል ወይም ጭራሽ ይዘጋል። 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ የቆየው ይቆጠራል፤ ሙሉ መቋረጡም፣ ትንፋሹ በጣም ማነሱም። በሰዓት ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። ሲፓፕ የክፍሉን አየር ገፋ አድርጎ በመላክ መንገዱ እንዳይዘጋ ይደግፈዋል። ኦክስጅን አይደለም። ይህን ለቤተሰብና ለጎረቤት ቀድማችሁ ንገሩ፤ አለዚያ «ኦክስጅን ላይ ናት» ተብሎ ሰው ሊጠይቃችሁ ይመጣል።

ኮሊን ሱሊቫን የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ይህን ዘዴ ሲድኒ ውስጥ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1981 አሳትሞታል። ከዚያ በፊት በጣም ለታመመ ሰው የነበረው ዋና መፍትሔ ጉሮሮን በኦፕሬሽን መብሳት ነበር። ማስኩ ሲያማርረኝ ይህን አስባለሁ።

ማሽኑ ከውጭ ከመጣ

ያገለገለ ከሆነ ማስኩን፣ ቱቦውንና ፊልተሩን በአዲስ ለውጡ። የአየር ግፊቱ የተስተካከለው ለበፊቱ ባለቤት ስለሆነ የእናንተ ሐኪም እንደገና ያስተካክለው። አዳፕተሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ ከአሜሪካ የመጣም ቢሆን በእኛ 220 ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ነው። ፊሊፕስ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ድሪምስቴሽን የሚባሉትን የመጀመሪያዎቹን የሲፓፕ ማሽኖችና ሌሎች ማሽኖቹን ከገበያ መልሶ ሰብስቧል። ድምፅ ለመቀነስ ውስጣቸው የገባው ስፖንጅ እየተፈረፈረ ከአየሩ ጋር ሊሳብ ስለሚችል ነው። ዘመድ ሊልክላችሁ ሲነሳ የማሽኑን ሲሪያል ቁጥር አስቀድሞ ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ እንዲያጣራ ንገሩት።

በቀን መላመድ

መጀመሪያ ማሽኑን ጨርሶ አትክፈቱት። ማስኩን ብቻ ያዙ። ቁጭ ብላችሁ፣ ማሰሪያውን ሳታስሩ፣ በእጃችሁ ፊታችሁ ላይ ደገፍ አድርጉት። ተንፍሱ። ሲበቃችሁ አንሱት። መቼ እንደሚነሳ የሚወስነው እጃችሁ ስለሆነ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ቀጥሎ ቱቦውን ሰክታችሁ ማሽኑን አብሩ። ማስኩን አሁንም በእጅ ያዙት። አየሩ ሲመጣ ብዙ ሰው አፉን ይከፍታል። የአፍንጫ ማስክ ከሆነ ያን ጊዜ አየሩ በአፍ ሹልክ ብሎ ይወጣል፤ ደስ አይልም። አፋችሁን ግጠሙ፣ ምላሳችሁን ወደ ላንቃችሁ አስጠጉ፣ በአፍንጫ ብቻ ሳቡ፣ በአፍንጫ ብቻ መልሱ። አየሩን ለመታገል አትሞክሩ። ማስተንፈሱ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ደረታችሁ ራሱ ልኩን ያገኛል።

ከዚያ ማሰሪያውን እሰሩና ሌላ ነገር ሥሩ። ቴሌቪዥን እዩ፣ ጋዜጣ አንብቡ። እኔ ቁልፍ እየሰፋሁ ነበር የተለማመድኩት። እጅ ሥራ ሲይዝ ልብ ከማስኩ ላይ ይነሳል። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ምንም ሳይመስላችሁ መቀመጥ ስትችሉ ደግሞ ከምሳ በኋላ ጋደም በምትሉበት ሰዓት አድርጉት። እንቅልፍ ሸለብ ካደረጋችሁ ትልቁን ዳገት ወጥታችኋል። ሌሊቱን የምትጀምሩት ከዚህ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ሐኪም «ከዛሬ ጀምሮ» ብሎ ያዘዘላችሁ ግን ሌሊቱንም ጀምሩ፣ የቀኑንም ልምምድ አትተዉ።

የመታፈን ስሜት ይመጣል። እኔም ላይ መጥቷል። ማወቅ ያለባችሁ ማስኩ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ የምታስወጡት ትንፋሽ በነሱ ይወጣል፣ አዲሱ አየር በቱቦው ይመጣል። አየር አያልቅባችሁም። ይህን አእምሮ ቢያውቅም ሰውነት ቶሎ አያምንም። ስለዚህ ቱቦውን ከማስኩ ላይ በአንድ እጅ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መንቀል ተለማመዱ። በፈለጋችሁት ሰዓት መውጣት እንደምትችሉ እጃችሁ ሲያውቅ ልባችሁ ይረጋጋል። ሌሊት ከበዳችሁ? ንቀሉት፣ ተነሱና ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ መልሳችሁ አድርጉት። «ዛሬስ ይቅር» ብላችሁ እስኪነጋ አትተዉት። አብሽሩ፣ ይለመዳል።

ማሽኑ ላይ ራምፕ የሚባል ነገር አለ። ስትተኙ አየሩን ዝቅ አድርጎ፣ ብዙ ጊዜ ከግፊት ቁጥር 4 ጀምሮ፣ ቀስ እያለ ወደታዘዘላችሁ መጠን ያደርሰዋል። ስታስተነፍሱ ግፊቱን ቀነስ የሚያደርግም አለ። ሁለቱንም ተጠቀሙባቸው። ዋናውን የግፊት መጠን ግን ራሳችሁ አትንኩ፤ እሱ የሐኪም ነው።

ማስኩ ሲለካ

እዚህ ላይ የምናገረው እንደ ልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ቆሞ ለሚሄድ ሰው ቆሞ ይለካል። ማስክ ደግሞ የሚተኛ ሰው ነው የሚያደርገው፣ ስለዚህ ተኝቶ ይለካል። ስትተኙ ጉንጫችሁ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ፊታችሁ መልኩን ይለውጣል። መስታወት ፊት ቆማችሁ ያጠበቃችሁት ማስክ ትራስ ላይ አየር ያፈሳል። ማሽኑን አብሩ፣ ተኙ፣ ከዚያ ማሰሪያውን ግራና ቀኙን እኩል እያደረጋችሁ አስተካክሉ።

አየር ባፈሰ ቁጥር ማጥበቅ መድኃኒቱ አይደለም። የማስኩ ሲሊኮን ስስ ነው፣ በአየሩ ተነፍቶ ነው ፊት ላይ የሚገጥመው። አጥብቃችሁ ስትጫኑት ይጨማደድና ይብስበታል። ማስኩን ከፊታችሁ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ሲሊኮኑ በአየር እንዲሞላ ፍቀዱለት፣ መልሳችሁ አስቀምጡት። ብዙ ጊዜ ዓይን ላይ የሚነፍሰው አየር በዚህ ብቻ ይቆማል። ከማሰሪያው ስር ጣት ሳይታገል መግባት አለበት። ጠዋት አፍንጫ ላይ የቀረው ምልክት ቶሎ ካልጠፋ ወይም ከቆሰለ ጠብቋል።

ልካችሁን አንዴ ስታገኙ ቬልክሮው የሚያርፍበት ቦታ ላይ በቀይ ክር ሁለት ስፌት ጣል አድርጉበት። ማሰሪያው ለእጥበት ሲፈታ ተመልሶ የሚታሰርበትን ታውቃላችሁ፣ በየጊዜው እንደ አዲስ መለካት ይቀራል። ላስቲኩ እየቆየ ይለቃል፤ ከክሩ አልፋችሁ ማጥበቅ ካስፈለጋችሁ የሚለወጥበት ጊዜ ደርሷል። ቬልክሮ የነጠላና የሸማ ፈትል ይመዛል፣ አንድ ላይ አታስቀምጧቸው።

ቅቤ የምትቀቡ እህቶች፣ ሌሊት ቅቤው ቀልጦ ወደ ግንባር ይወርዳል፣ ሲሊኮኑ ፊት ላይ ይንሸራተታል፣ ቶሎም ይበላሻል። ቫዝሊንም እንደዚያው ነው። ማታ ፊታችሁን በሳሙና ታጠቡና አድርቁ። ፀጉራችሁን በጥጥ ሻሽ እሰሩ፣ ማሰሪያው ከሻሹ በላይ ይሁን። ወንዶች ጺም ካሳደጋችሁ አየር ሊያፈስ ይችላል፤ ለእናንተ አፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የሚያርፈው ዓይነት ሊሻል ይችላል። አፉን ከፍቶ ለሚተኛ ሰው አፍንጫና አፍ የሚሸፍን አለ። አንዳንዱ ማስክ የሚቆለፈው በማግኔት ነው። ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ) ወይም ሰውነቱ ውስጥ ሌላ የብረት ነገር የተቀበረለት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ ማግኔት ያለውን እንዳይጠቀም።

ብርድና ጋቢ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማሽኑ አየሩን በሞቀ ውሃ ላይ አሳልፎ እርጥብ አድርጎ ይልካል፣ ቱቦው ግን ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው። እርጥበቱ ቱቦው ውስጥ ውሃ ይሆናል። ሌሊት ቱቦው ጉርግር ሲል ወይም አፍንጫችሁ ላይ ውሃ ጠብ ሲል ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። ማሽኑን ከአልጋው ዝቅ ያለ ቦታ አድርጉት፣ ውሃው ወደ እናንተ እንዳይወርድ። እርጥበቱን አንድ ደረጃ ቀንሱ። የሚሞቅ ቱቦ ካላችሁ ሙቀቱን ጨምሩ። ከሌላችሁ ቱቦውን አልብሱት። እኔ ከአሮጌ የሱፍ ሹራብ ሁለት እጅጌ ቆርጬ፣ ጫፍና ጫፉን ገጥሜ ሰፍቼ አጠለቅኩለት። በጣም ይረዳል። ኮምቦልቻ ላላችሁ ይህ ብዙም አያስቸግራችሁም፣ እናንተ ዘንድ ሞቃት ነው። ደሴ ዘመድ ቤት ስታድሩ ግን የእርጥበት ቁጥሩን ማስተካከል ይኖርባችኋል።

አሁን የምነግራችሁን አደራ። በብርድ ጊዜ ጋቢ ተከናንበን መተኛት ልማዳችን ነው። ማስክ አድርጋችሁ አትከናነቡ። የማስኩን ቀዳዳዎች ጋቢ ከደፈናቸው ያስወጣችሁትን ትንፋሽ መልሳችሁ ትስቡታላችሁ። ጋቢው እስከ አንገት ይሁን፣ ራሳችሁን በሹራብ ኮፍያ አሙቁ።

ከፍታ ላይ ስላለን የማሽናችሁን መመሪያ እዩ። ብዙዎቹ ዘመናዊ ማሽኖች ለከፍታው ራሳቸውን ያስተካክላሉ፣ ግን ወሰን አላቸው። ሬስሜድ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው የኤርሴንስ 10 ማሽን መመሪያ እስከ 2,591 ሜትር ይላል። ደሴ ለጥቂት ትገባለች። ወረኢሉና ከዚያም በላይ ደጋ የምትኖሩ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ቁጥር ጠይቁ።

ውሃና ጭስ

የውሃ ሳጥኑ የሚፈልገው የተጣራ፣ ማዕድን የሌለበት ውሃ ነው። ካጣችሁ አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁት ለጊዜው ያገለግላል፣ ግን ነጭ ነገር ይጋግርበታል። እሱን በውሃ የቀጠነ አቼቶ ያስለቅቀዋል፤ ከዚያ በደንብ አለቅልቁት። ነዳጅ ማደያና መለዋወጫ ሱቅ «የባትሪ ውሃ» እያሉ የሚሸጡትን አደራ እንዳትጨምሩ። በዚህ ስም አሲድም ይሸጣል። ሳንባችሁ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ጠዋት የተረፈውን ውሃ ድፉና ሳጥኑን አድርቁ። ማስኩን በየቀኑ፣ ቱቦውን በሳምንት አንዴ በለስላሳ ሳሙና እጠቡ፣ ጥላ ውስጥ አንጠልጥሉ። በረኪናና አልኮል አይነካቸው።

የወሎ ቤት ያለ ዕጣን አይሆንም። ቡና ሲፈላ፣ ዱዓ ሲኖር፣ ቤቱ በጭስ ይሞላል። ማሽኑ የሚስበው ያንኑ አየር ነው። ማሽኑን ቡና ከሚፈላበት ክፍል አርቁ፣ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት መስኮት ከፍታችሁ ጭሱን አስወጡ። ፊልተሩን መመሪያው ከሚለው ቶሎ ቶሎ እያወጣችሁ እዩ። ከጠቆረ ቀይሩት። የወረቀቱ ዓይነት አይታጠብም።

ጫትና በርጫ ላይም አንድ ቃል። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ የሚያማርረው ማስኩን ነው። ልምምድ ላይ ባላችሁበት ሰሞን ቢቀር መልካም ነው። አረቄና የእንቅልፍ ክኒን ጉሮሮን የበለጠ ያላላሉ፣ ሕመሙን ያብሳሉ።

መብራት ሲሄድ

መብራት ሲሄድ አየሩ ይቆማል፣ ብዙ ጊዜ ትነቃላችሁ። ማስኩን አውልቁ። በጎን ተኙ፣ ራሳችሁን ከፍ አድርጉ፤ በጀርባ መተኛት ለብዙ ሰው ይብስበታል። አቅም ካለ ባትሪ አዘጋጁ። ብዙዎቹ ማሽኖች በ12 ወይም በ24 ቮልት የሚሠሩበት የራሳቸው ገመድ አላቸው፣ በሱ መጠቀም ከኢንቨርተር ይሻላል። ኢንቨርተር ከሆነ ፒዩር ሳይን የሚባለውን ግዙ። በባትሪ ሌሊት ውሃ ማሞቂያውን አጥፉት፤ ብዙ ኃይል የሚበላው እሱ ነው። መብራት ሲመለስ ከፍ ዝቅ ስለሚል ማሽኑ ሁልጊዜ በስታቢላይዘር በኩል ይሰካ።

ሙሉውን ሌሊት

ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ አውልቀው የሚተኙ ብዙ ናቸው። «ግማሹን ተኝቼበታለሁ» ይላሉ። ሕልም የምናይበት እንቅልፍ የሚበዛው ወደ ንጋት ነው፤ ያን ጊዜ ጡንቻ ይበልጥ ስለሚላላ የብዙ ሰው ትንፋሽ ክፉኛ የሚቋረጠውም ያኔ ነው። ረመዳን ለሱሁር ተነስታችሁ ከሱብሒ በኋላ መልሳችሁ የምትተኙ፣ ማስኩን መልሳችሁ አድርጉ። ከማሕሌት መጥታችሁ የምትጋደሙም እንዲሁ። የቀን እንቅልፍም እንቅልፍ ነው። ለቅሶ ወይም ሠርግ ሄዳችሁ ስታድሩ ማሽኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ውሃውን ድፉ፣ ማሽኑ ውስጥ ከገባ ያበላሸዋል።

አፍንጫ ከደረቀ እርጥበቱን ጨምሩ። በጉንፋን ከተደፈነ ከፋርማሲ የሚገዛው የጨው ውሃ ጠብታ ይረዳል። ሆድ በአየር ከተነፋ ራስጌን ከፍ አድርጉ፣ ካልተሻለ ለሐኪም ንገሩ፤ ግፊቱ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

ጠዋት ማሽኑ ስክሪን ላይ ሦስት ነገር እዩ፦ ስንት ሰዓት እንደተጠቀማችሁ፣ አየር ምን ያህል እንዳፈሰሰ፣ በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደተቋረጠ። የመጨረሻው ከ5 በታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው። በአንድ ቀን ቁጥር አትደንግጡ፣ የሳምንቱን እዩ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከቆየ፣ ወይም ሌሊቱን ሙሉ አድርጋችሁትም ቀን እንቅልፍ የሚጥላችሁ ከሆነ ወደ ሐኪም ተመለሱ። እስከዚያ ድረስ ሹፌሮች መሪ አትያዙ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን መንገድ መታጠፊያዎች በሚያንቀላፋ ዓይን መውረድ የራስንም የተሳፋሪንም ነፍስ መጣል ነው። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ማስኩንም ማሽኑንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሿን ሚሞሪ ካርድ እንዳትረሱ፤ የእያንዳንዱ ሌሊት መረጃ ያለው እሷ ላይ ነው።